ዜና ቃኘው፦ ለሰው አገር ዘምተው ለወገን የኖሩ አባቶች

በ1943 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከክቡር ዘበኛ ሠራዊት የተመረጡትን መኮንኖችና ወታደሮች ሰንደቅ ዓላማ አስይዘው፣ መርቀውና አደራ ብለው ወደ ሩቅ ምሥራቅ፣ ወደ ምድረ ኮሪያ ላኩ። ለሻለቃውም ቃኘው የሚል ስም ወጣለት፤ ይኸውም የንጉሠ ነገሥቱ አባት የልዑል ራስ መኰንን የፈረስ ስም አባ ቃኘው ነበርና፣ የአድዋው ዘመቻ መታሰቢያ ከአዲሱ ዘመቻ ጋር ይተሳሰር ዘንድ ነው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት ቆመው ስለ ተወረረች አገራቸው አቤት ባሉ ጊዜ የሚደርስላቸው አጥተው ነበር፤ ስለዚህ ከ15 ዓመት በኋላ የሌላ ሕዝብ፣ የደቡብ ኮሪያ፣ አቤቱታ በመጣ ጊዜ፣ ለእኛ የተነፈገውን እኛም ለሌላው እንንፈግ ማለትን ሕሊናቸው አልፈቀደም።

ሠራዊቱም በምድር ባቡር ወደ ጅቡቲ ወርዶ፣ በመርከብ ተሳፍሮ፣ ታላቁን ባሕር አቋርጦ ፑሳን ከተባለው ወደብ ደረሰ። የዘማቾቹ የበላይ አዛዥ ኮሎኔል ከበደ ገብሬ፣ የመጀመሪያው ሻለቃ መሪ ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ ነበሩ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው፣ ደጋ ያደገውን ሰው እንኳ በሚያንቀጠቅጠው የኮሪያ በረዶ ውስጥ፣ ከኮረብታ ኮረብታ እየተዋጉ ከረሙ። ተራ በተራ እየተተካኩ የዘመቱት ቍጥራቸው ከ6,000 በላይ ሲሆን፣ ከ120 በላይ የሚሆኑት ተሰዉ፣ ከ500 የሚበልጡትም ቈሰሉ። በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድ ስንኳ አልነበረም፤ የወደቀውን ጓድ ጥሎ መመለስ ነውር ነበርና። በፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የብዙ አገር ወታደሮች አርፈው ሳለ የኢትዮጵያዊ መቃብር የማይገኝበት ምክንያት፣ የሞቱት ሁሉ ወደ አገራቸው አፈር ስለ ተመለሱ ነው።

ነገር ግን ጸሓፊ ስለ ጦሩ ብቻ ተርኮ ቢያበቃ ዜናው ጎደሎ ይሆናል። በዚያ ጦርነት ቤታቸው የተቃጠለ፣ አባት እናታቸው የሞቱባቸው ሕፃናት በየጦር ሰፈሩ ዙሪያ የሚቀመስ እየለመኑ ይዞሩ ነበር። የእኛም ወታደሮች ይህን አይተው ማለፍ ስላልቻሉ፣ ከሴኡል በስተሰሜን ዶንግዱቾን በተባለች ከተማ፣ ጦርነቱ ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. በቆመበት ዘመን፣ የሙት ልጆች ማሳደጊያ አቆሙ፤ ለልጆቹም ቀለብና ልብስ ከገዛ ደመወዛቸው እያዋጡ አሳደጓቸው። የወታደር ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከዚያችው ላይ በአገር ቤት ለቀሩት ሚስትና ልጆች ተልኮ፣ ለወላጅ መጦሪያ ተነሥቶ፣ ከተረፈው ላይ ደግሞ ቋንቋዋን ለማያውቋት ሕፃን ጫማ ይገዛ ነበር።

ወደ አገራቸው በተመለሱ ጊዜ ዕጣቸው እንደ አገልግሎታቸው አልሆነም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ከክቡር ዘበኛ የተነሣው የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በከሸፈ ጊዜ ክፍላቸው ክፉኛ ተናወጠ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ፣ በደቡቡ ወገን የተዋጋ ሰው ኒሻኑን ደረቱ ላይ መስቀሉ ቀርቶ የዘመተበትን አገር ስም ማንሣት አሰጋው። በዚያም ሁሉ ዘመን፣ በአዲስ አበባ ኮሪያ ሰፈር በተባለው መንደርም ሆነ በየሰፈሩ፣ እነዚህ ሰዎች በትንሽ ጡረታ ልጅ አሳድገው፣ የልጅ ልጅ አስተምረው፣ በእድርና በሽምግልና ጎረቤት አገልግለው ኖሩ፤ ጊዜው በፈቀደም ጊዜ በዘማቾች ማኅበራቸው ተሰብስበው የጓዶቻቸውን ባልቴቶች መጠየቅን ሥራቸው አደረጉ።

ኮሪያውያን ውለታውን አልረሱም። በ1960 ዓ.ም. በቹንቾን ከተማ የመታሰቢያ ሐውልት ሲያቆሙ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በዚያ ተገኝተዋል፤ ለዘማቾቹ የልጅ ልጆችም የትምህርት ዕድል ሰጥተዋል። በእኛም ዘንድ በአፍንጮ በር ሐውልታቸው ቆሟል፤ በመታሰቢያው ቀን ሽማግሌዎቹ ኒሻናቸውን ደርድረው፣ በከዘራ ተደግፈው ወይም በልጆቻቸው ክንድ ተይዘው ሲመጡ ያየ ሰው፣ ስማቸው በተጠራ ጊዜ ወገባቸውን ለማቅናት እንዴት እንደሚታገሉ ይመለከታል።

እንግዲህ ፍርዱ ይህ ነው፤ ጀግንነታቸው ኮረብታ በመያዝ ብቻ አይለካም፤ የሰው ልጅ ሲራብ አይቶ ከአፉ መቀነስን በባዕድ አገር የጀመረ ሰው፣ ያንኑ በገዛ ደጁ እስከ ሽምግልና ማድረጉ ከኒሻን ይበልጣል። የቀሩት ጥቂቶች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ወደ መቶ ተጠግቷል። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ እንዲህ ያለ አባት ቢኖር፣ ዛሬውኑ ወረቀትና እርሳስ ይዘህ ከአጠገቡ ተቀመጥና የሚነግርህን ሁሉ ጻፍ።