የሚቆረጥመው ማን ነው?

እንጅባራ ላይ ክረምት ሲገባ ጉልበትና ጣት ላይ ለሚነሣው ሕመም ሦስት ስም ይሰማል። ብርድ ነው የሚል አለ፣ ሪህ ነው የሚልም አለ፤ ብዙው ሰው ግን ቁርጥማት ይለዋል። ከሦስቱ ወደ ሕመሙ እውነተኛ ጠባይ ይበልጥ የቀረበው ይህ የመጨረሻው ስም ነው ብዬ አምናለሁ።

ብርድ መባሉ አይገርምም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ዝናቧም ጭጋጓም ይበረታል። ብርድ ሕመሙን ሊያባብሰው ይችላል፤ መገጣጠሚያን የሚበላው ግን እሱ አይደለም። ሪህ ደግሞ ነፋስ ማለት ከሆነው ከዐረብኛው ሪሕ ጋር አንድ ቃል ነው። ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት፣ ከቁርጭምጭሚት ወደ አንጓ ሲዞር ያዩ ሰዎች በሰውነት ውስጥ ነፋስ የሚነፍስ መሰላቸው። ግሪኮችም ያው መዞሩን አይተው የሚፈስ ነገር ነው አሉ፤ ሩማቲዝም የመጣው መፍሰስ ከሚለው ቃላቸው ነው። ዛሬ ሐኪሞች ሪህ የሚለውን ስም በአብዛኛው የዩሪክ አሲድ ጠጣር በመገጣጠሚያ ላይ ሲከማች ለሚመጣው በሽታ ይሰጡታል።

ቁርጥማት ግን ነፋስንም ፈሳሽንም አላሰበም። አማርኛ ሕመምን በድርጊቱ መጥራት ይወዳል፦ ከወጋ ውጋት፣ ከፈለጠ ፍልጠት፣ ከቆረጠ ቁርጠት። ቁርጠት የቢላዋ ሥራ ነው። ቁርጥማት የጥርስ ነው፤ ቆሎ ከመቆርጠም፣ አጥንት ከመቆርጠም የወጣ። ስሙን ያወጣው ሰው ውስጥ ሆኖ የሚያኝክ ነገር ተሰምቶታል ማለት ነው። የሚያኝከው ማን እንደሆነ ግን ለረጅም ዘመን አልታወቀም።

መልሱን ለማግኘት ወደ ጠላ ጠማቂዋ ጓዳ መግባት ያስፈልጋል። ገብሱ ይነከራል፣ ተሸፍኖ ይጎነቁላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፤ በቀለ ከሚለው ግሥ የወጣ ስሙም ብቅል ነው። እህሉ ሲበቅል በውስጡ የሚፈጠረው ነገር የእህልን ስታርች ወደ ስኳር ይቆራርጣል። እ.ኤ.አ. በ1833 ፓያን እና ፔርሶ የተባሉ ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ይህንኑ ከብቅል አውጥተው ዲያስቴዝ አሉት፤ መለያየት ከሚል የግሪክ ቃል ነው። የስሙ ጅራት «ኤዝ» ከዚያ ወዲህ የዚህ ዓይነት ነገሮች የአብዛኞቹ የቤተሰብ ስም ሆነ። አሁን ኮላጅኔዝ ወይም ሳይክሎኦክስጅኔዝ የሚል የሐኪም ቃል ስትሰሙ መጨረሻው ከብቅል የተወረሰ ነው።

የእነዚህ ነገሮች የጋራ መጠሪያ የሆነው ኢንዛይም የሚለው ስም ራሱ የሃይደልበርጉ ሳይንቲስት የቪልሄልም ኩነ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ የቆሽትን ጭማቂ ሲመረምር «በእርሾ ውስጥ ያለ» ከሚል ግሪክኛ ሠራው።

የሚያኝከው የታየው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ጄሮም ግሮስ እና ሻርል ላፒዬር የተባሉ ተመራማሪዎች ጅራቱ ገና ያልጠፋ የእንቁራሪት ልጅ ይመረምሩ ነበር። ጅራቱ ተቆርጦ አይወድቅም፣ ከውስጥ ይበላል፤ የሚበላውም ኮላጅኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ሆኖ ተገኘ። ኮላጅን ከግሪክኛው ሙጫ ነው የመጣው፣ ቆዳና አጥንት ሲቀቀል ሙጫ ስለሚወጣው። የአጥንታችንን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንትም ጥንካሬው ከኮላጅን ነው። መገጣጠሚያ ሲቆጣ የውስጥ ሽፋኑ ያብጣል፤ ኮላጅኔዝና ዘመዶቹ በብዛት ይመነጩና ያንን ኮላጅን ይቆራርጡታል። እንግዲህ ቁርጥማት ባለቤቱን አገኘ።

ከቁርጥማት ጋር አብሮ የሚሄደው ሁለተኛው ቃል ብግነት፣ ማለትም የአካል መቆጣት ነው። በገነ ማለት ነደደ፣ ተቃጠለ ነው፤ ሰው ሲያናድደን «አበገነኝ» እንላለን። ላቲኖችም ያበጠና የጋለ አካልን የጠሩት በእሳት ነው። የዚህ እሳት አንዱ ለኳሽ ሳይክሎኦክስጅኔዝ ነው፤ ሙቀት፣ እብጠትና ሕመም የሚያመጡትን ፕሮስታግላንዲኖች ለመሥራት ይረዳል። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪን የሚሠራው ይህን በመከልከል መሆኑን አሳየ፤ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የተባሉት ማስታገሻዎችም በዚሁ መንገድ ነው የሚሠሩት። ነገር ግን ያው ኢንዛይም የጨጓራን ግድግዳም ስለሚጠብቅ፣ መድኃኒቱ ሲዘወተር ጨጓራ ሊቆስል ይችላል።

ሁለቱን ቃላት ለይቶ ማወቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ማስታገሻ ብግነቱን ያበርዳል፤ ሩማቶይድ በሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታ ግን ቁርጥማቱን አያስቆምም። ሕመሙ ጋብ ሲል ሰው ዳንሁ ብሎ ይተወዋል፣ ከውስጥ ግን መበላቱ ይቀጥላል። ጥፋቱን ለመግታት እንደ ሜቶትሬክሴት ያለ፣ በሐኪም ክትትል የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልጋል፤ የተበላ ልም አጥንት ደግሞ እንደነበረ አይመለስም።

ስለዚህ እናት አባታችሁ ጠዋት ጣታቸው ደርቆ ከአንድ ሰዓት በላይ አልታጠፍ የሚላቸው ከሆነ፣ እብጠቱም ሳምንታት ከቆየ፣ ብርድ ነው ብላችሁ ጋቢ ደርባችሁ አትተዉአቸው፤ ከመድኃኒት ቤት ክኒን ገዝታችሁም አትሸንግሏቸው። ወደ ሐኪም ውሰዷቸው፤ «ይቆረጥመኛል» ብለው በራሳቸው ቃል ይንገሩት።