የማን ሽቦ ነው? የኤሌክትሪክ ሥራ አደጋና የኀላፊነት ታሪክ

በአንድ የሥራ ቦታ ልዩ ልዩ ተቋራጮች አብረው ሲሠሩ፣ አንደኛው በግዴለሽነት የዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሌላውን ሠራተኛ ቢገድል ኀላፊው ማን ነው? አደጋውን አስቀድሞ ያየ ሠራተኛስ ለማን ይናገር? ይህ ጥያቄ ለመሐንዲሶችና ለሕግ ዐዋቂዎች የተተወ ቢመስልም፣ ለታሪክ ተማሪ የሚያስተምረው ነገር አለ። በዚህች አጭር ጽሑፍ ጥያቄው ጎልቶ የታየበትን የኒው ዮርክን ከተማ ታሪክ እንመረምራለን። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

በ1880 መጨረሻ የብራሽ ኩባንያ በብሮድዌይ ጎዳና ላይ የኤሌክትሪክ መብራት አበራ፤ ሌሎችም ኩባንያዎች ተከተሉት። የቴሌግራፉ፣ የቴሌፎኑና የመብራቱ ሽቦዎች በየምሰሶው ላይ ተደራርበው ተዘረጉ። የቴሌግራፍ ሽቦ የሚሸከመው ኃይል አነስተኛ ሲሆን የጎዳና መብራት ሽቦ ግን በሺህ የሚቆጠር ቮልት ያስተላልፍ ነበር። እንግዲህ ልባሱ የተላጠ የመብራት ሽቦ የቴሌግራፉን ሽቦ የነካ እንደ ሆነ፣ ጉዳት የለውም የተባለው ሽቦ ርቆ ባለ ስፍራ ሰው ይገድላል። የግዛቲቱ ምክር ቤት በ1884 ሽቦዎቹ ከመሬት በታች እንዲቀበሩ የሚያዝ ሕግ አወጣ። ሆኖም ሥራው እየተጓተተ ቆየ፤ በ1888 የወረደው ታላቅ የበረዶ ማዕበል ብዙ ምሰሶና ሽቦ በጣለ ጊዜ እንኳ ነገሩ በቶሎ አልታረመም።

በኦክቶበር 11 ቀን 1889 ጆን ፊክስ የተባለ የዌስተርን ዩኒየን ቴሌግራፍ ኩባንያ ሠራተኛ፣ አገልግሎት የማይሰጡ ሽቦዎችን ለማንሣት ከማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ካለ ምሰሶ ላይ ወጣ። የያዘው የቴሌግራፍ ሽቦ በሌላ ስፍራ ከመብራት ሽቦ ጋር ተነካክቶ ስለ ነበር ሕዝብ እያየው እዚያው ሞተ፤ ሬሳውም ከሽቦዎቹ መካከል ተንጠልጥሎ ቆየ። ሰውየው ሥራውን ያውቅ ነበር። የገደለው የራሱ ስሕተት ሳይሆን የማያውቀው የሌላ ኩባንያ ሽቦ ነው።

ከንቲባው ሂዩ ግራንት አደገኞቹ ሽቦዎች እንዲነሡ አዘዙ። የመብራት ኩባንያዎች ግን ንብረታችን ይነካል ብለው በፍርድ ቤት እገዳ አገኙ። እገዳው የተነሣው በዲሴምበር ሲሆን፣ ወዲያው የከተማው ሠራተኞች ምሰሶዎቹን በመጥረቢያ ይጥሉ ጀመር። ከተማዋ በዚህ ሽቦዎቹን አነሣች እንጂ የተቋራጮቹን ኀላፊነት ገና አልወሰነችም።

ከዚህ በኋላ ለሥራው ደንብ ያበጁት በተለይ የመድን ኩባንያዎች ነበሩ። በ1897 የታተመው የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ከጥረታቸው የተገኘ ነው። ነገር ግን የመድን ሰዎች ከሁሉ በፊት የሚፈሩት የሕንፃ ቃጠሎን ነበር። ቀደም ሲል የፈቀዱት አንድ ዓይነት ሽቦ እሳትን ቢቋቋምም የሰውን እጅ ስለማይከላከል፣ ሠራተኞቹ «የቀባሪዎች ሽቦ» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር። ከዚህ የምንረዳው ደንቡ አስቀድሞ ለንብረት፣ ዘግይቶ ለሰው እንደ ደረሰ ነው።

ሠራተኞቹም ዝም አላሉም። በኖቬምበር 1891 ዐሥር ልዑካን በሴንት ሉዊስ ተሰብስበው የኤሌክትሪክ ሠራተኞችን ማኅበር መሠረቱ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሄንሪ ሚለር ራሱ በ1896 በዋሽንግተን በሥራ ላይ ሳለ ኤሌክትሪክ ይዞት ከምሰሶ ወድቆ ሞተ። የማኅበሩ መሪ እንኳ ከአደጋው እንዳላመለጠ ስንመለከት፣ ድምፅ ማሰማት ብቻውን እንደማይበቃ እንገነዘባለን፤ ድምፁን የሚሰማ ሕግ ያስፈልጋል።

ሕጉ የመጣው እጅግ ዘግይቶ ነው። አሜሪካ የሥራ ደኅንነት ሕግ ያወጣችው በ1970 ነው። በ1989፣ ማለትም ፊክስ ከሞተ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ መሣሪያ ከመጠገኑ በፊት ኃይሉ ተቋርጦ በቁልፍ እንዲታሰር የሚያዝ ደንብ ወጣ። ይኸው ደንብ የቦታው ባለቤትና ከውጭ የመጣው ተቋራጭ ስለ አሠራራቸው እርስ በርስ እንዲነጋገሩ ያስገድዳል። በ2014 ደግሞ ለኤሌክትሪክ መስመር ሥራ ባለቤቱና ተቋራጩ ስለ አደጋው መረጃ እንዲለዋወጡ ታዘዘ። ፊክስን ያጣው ይህ መረጃ ነበር።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1981 የወጣውን የሥራ ደኅንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥር 155 በ1991 አጽድቃለች። ስምምነቱ በበቂ ምክንያት ከባድና ድንገተኛ አደጋ አይቶ ከሥራው ገለል ያለ ሠራተኛ እንዳይጎዳ ይጠብቀዋል። በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም፣ ሠራተኛው ራሱ ሊያስወግደው ያልቻለውን አደጋ ለአሠሪው እንዲያስታውቅ ግዴታ ይጥልበታል።

ሥራ ማቆም ጊዜና ገንዘብ ያባክናል የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። የ1889 ኩባንያዎችም የተሟገቱት ለንብረታቸው ነበር። እኛ ግን ከታሪኩ የምናገኘው ፍርድ ይህ ነው፤ የተላጠ ሽቦ ያየ ሠራተኛ ሥራውን አቁሞ፣ ሌላውን ከቦታው አርቆ፣ ለአሠሪው ሊያስታውቅ ይገባዋል፤ አሠሪውም «የእኔ ተቋራጭ አይደለም» ብሎ ሊመልሰው አይገባም። ሽቦው የማንም ይሁን፣ በዚያ ቦታ የሚያሠራ ሁሉ ሊጠየቅበት ይገባል።