በድንጋይ የተቀረጸ ትእዛዝ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሜዲትራንያን ባሕር፣ በቀርጤስ ደሴት፣ ከሄራክሊዮን ወደ ምዕራብ የሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ በኢዳ ተራራ ሰሜናዊ ጎን ላይ ወደ ተቀመጠችው አኖጊያ ያደርሳል። መንደሪቱ ከባሕር ወለል ከ700 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ የተራራው ጫፍ ግን 2456 ሜትር ነው። ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በግ አርቢ ነው። ጎብኚዎች የሴቶቹን የሽመና ሥራና የሊራ ዜማ ፈልገው ይወጣሉ። እኛ ግን አንባቢን ይዘን በቀጥታ ወደ አደባባዩ እንለፍ።

በዚያ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ የሚነበበው የመንደሪቱ ጀግኖች ውዳሴ ሳይሆን የአጥፊዋ ትእዛዝ ነው። በኦገስት 1944 የደሴቲቱ የጀርመን ጦር አዛዥ የነበረው ጄኔራል ፍሪድሪሽ ቪልሄልም ሙለር መንደሪቱ ከመሠረቷ እንድትፈርስ፣ በውስጧና እስከ 1 ኪሎ ሜትር ዙሪያዋ የተገኘ ወንድ ሁሉ እንዲገደል አዘዘ። ምክንያቶቹንም ዘረዘረ፦ የእንግሊዝ ስለላ ማእከል ናት፤ የጀርመን ጦር ባልደረቦችን ገድላለች፤ በዳማስታ ለተጣለው አደጋ ተጠያቂ ናት፤ የጄኔራል ክራይፔ ጠላፊዎችም አልፈውባታል።

እንግዲህ ለታሪክ መምህር ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰዎች የመጨረሻውን ብቻ አንሥተው አኖጊያ የተቃጠለችው በክራይፔ ጠለፋ ምክንያት ነው ይላሉ። ክራይፔን ሁለት የእንግሊዝ መኮንኖችና የቀርጤስ አርበኞች የጠለፉት በኤፕሪል 26 ቀን 1944 ነው። (አስቀድሞ ሊጠለፍ የታሰበው ራሱ ሙለር ነበር፤ ክራይፔ የተተካው በእርሱ ቦታ ነው።) ጠላፊዎቹ ሕዝቡ እንዳይቀጣ በማሰብ ሥራው የእንግሊዞች ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በመኪናው ውስጥ ትተው ነበር። ክራይፔም በሜይ ወር በባሕር ወደ ግብፅ ተወሰደ። መንደሪቱ መቃጠል የጀመረችው ግን በኦገስት 13 ነው። በመካከሉ ከሦስት ወር ተኩል በላይ አለ። የዳማስታው አደጋ የደረሰው በዚያው በኦገስት መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ጀርመኖች ወደ ደሴቲቱ ምዕራብ ለማፈግፈግ ተቃርበው ነበር፤ በኦክቶበርም ሄራክሊዮንን ለቀቁ።

በእኛ አስተያየት የሙለር ጽሑፍ ስለ ፈጻሚው አሳብ የታመነ ማስረጃ ነው፤ ስለ ምክንያቱ ግን እንዲሁ የሚታመን አይደለም። ቀጪ ሰው ክሱን ሲያበዛ አንዱ ብቻውን እንደማይበቃው ይገልጻል። የሚያፈገፍግ ጦር በጀርባው ያለውን ተራራ መፍራቱ በዝርዝሩ ውስጥ አልተጻፈም፤ ሆኖም ቀኖቹን በሰሌዳ ላይ በተራ የሚጽፍ ተማሪ ራሱ ሊደርስበት ይችላል። ተማሪዎቻችን ትእዛዙን ከማንበባቸው በፊት ቀኖቹን ቢያገኙ እንመርጣለን።

አብዛኞቹ ወንዶች አስቀድመው ወደ ተራራው ስለ ወጡ እንደ ታዘዘው አላለቁም፤ መሸሽ ያቃታቸው አረጋውያን ግን ተገደሉ፤ ቤቶቹም ለሳምንታት ተራ በተራ ፈረሱ። በ19ኛው መቶ ዓመት ቱርኮች ሁለት ጊዜ አቃጥለዋት ስለ ነበር፣ ይህ ሦስተኛዋ ነው።

ሙለር በአቴና ተፈርዶበት በሜይ 20 ቀን 1947 ተረሸነ፤ ይህም ጀርመኖች በ1941 ቀርጤስን በፓራሹት የወረሩበት ዕለት መታሰቢያ ነው። አኖጊያ እንደገና ተሠራች። መንደሪቱ ስትፈርስ ስምንት ዓመት የሆነው ኒኮስ ክሲሉሪስ አድጎ ዕውቅ የሊራ ተጫዋችና ዘፋኝ ሆነ፤ በ1973 በአቴና ፖሊቴክኒክ በወታደራዊው መንግሥት ላይ ለተነሡት ተማሪዎች ከዘፈኑት አንዱ እርሱ ነው።