ከሳንባ ወደ ግድግዳ፦ የአስቤስቶስ የላቦራቶሪ ምርመራ አጭር ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1924 እንግሊዛዊው ፓቶሎጂስት ዶክተር ዊሊያም ኩክ፣ በሮችዴል ከተማ በአስቤስቶስ ፋብሪካ ስትሠራ ቆይታ በ33 ዓመቷ የሞተችውን የኔሊ ከርሾን ሳንባ በማይክሮስኮፕ መረመሩ። በሳንባዋ የነቀርሳ ምልክት ነበረ፤ ይሁን እንጂ ሐኪሙ በዚያ ሳይወሰኑ፣ ለሰፊው ጠባሳ ምክንያቱ የማዕድን ቅንጣቶች መሆናቸውን አስረዱ። በ1927 ደግሞ በሽታውን አስቤስቶሲስ ብለው ሰየሙት። በዚያ ዘመን ላቦራቶሪው ማስረጃውን የሚያገኘው ሠራተኛው ከሞተ በኋላ ነበር።

አደጋውን አስቀድሞ ለማወቅ የሚተነፈሰውን አየር መለካት አስፈለገ። በ1938 የአሜሪካ የሕዝብ ጤና አገልግሎት ባለሙያዎች በአንድ ኪዩቢክ ጫማ አየር ውስጥ 5 ሚሊዮን የአቧራ ቅንጣቶችን የወሰን መጠን አድርገው ሐሳብ አቀረቡ። ቆጠራው ግን የአስቤስቶስን ቃጫ ከሌላው አቧራ የሚለይ አልነበረም። በ1960ዎቹ አየሩን በስስ ማጣሪያ አሳልፎ ቃጫዎቹን በፌዝ ኮንትራስት ማይክሮስኮፕ መቁጠር ተስፋፋ። በዚህ ዘዴ የሚቆጠሩት ከ5 ማይክሮን በላይ የሚረዝሙት ናቸው፤ ከ0.25 ማይክሮን ገደማ በታች የቀጠኑት አይታዩም፤ የታየው ቃጫም በእርግጥ አስቤስቶስ መሆኑ አይረጋገጥም።

እስከዚያ ድረስ ትኩረቱ በአብዛኛው በሥራ ቦታ ላይ ነበር። ከዚያ አልፎ ወደ መኖሪያ አካባቢ እንዲሰፋ ያደረገው የደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ ነው። በኪምበርሊ የነቀርሳ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ስሌግስ፣ የሳንባ ሽፋን ነቀርሳ ይዟቸዋል ተብለው በመድኃኒት ያልተሻላቸው ሕሙማን መኖራቸውን አስተዋሉ። ፓቶሎጂስቱ ዶክተር ዋግነር ከእርሳቸውና ከሌላ ባልደረባ ጋር በ1960 የ33 የሜሶቴሊዮማ ሕሙማንን ታሪክ አሳተሙ። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ሰማያዊ አስቤስቶስ በሚወጣበት አካባቢ የኖሩ እንጂ በማዕድን ማውጫው የሠሩ አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ ጣሪያ፣ የቧንቧ መሸፈኛና አፈር ጭምር ይመረመሩ ጀመር። ከሕንፃ የተወሰደ ቁራጭ በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ሲታይ የማዕድኑ ዓይነት ይለያል፤ እጅግ ቀጭኖቹን ቃጫዎች ለማየትና ለመለየት ግን ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። በ1986 የወጣው የአሜሪካ ሕግም ትምህርት ቤቶች ሕንፃዎቻቸውን እንዲያስመረምሩ አስገደደ።

ይህ ታሪክ ለጤና ባለሙያ ሁለት ቁም ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ «አስቤስቶስ አልተገኘም» የሚል ውጤት ሲደርሰን ምርመራው በየትኛው ዘዴ እንደተደረገ መጠየቅ ይገባናል፤ ውጤቱ የሚናገረው ያ ዘዴ ሊያየው ስለሚችለው ብቻ ነውና። ሁለተኛ፣ ሜሶቴሊዮማ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመትና ከዚያም በላይ ቆይቶ የሚገለጥ በመሆኑ፣ ዛሬ የተወሰደ የአየር ናሙና ታካሚው በልጅነቱ ስለተነፈሰው አየር አይመሰክርም። ስለዚህ የነቀርሳ መድኃኒት ያልበጀውን በሳንባ ሽፋን ውኃ የቋጠረ ሕመምተኛ ስናገኝ የት እንደሠራ፣ የት እንዳደገና በቤቱ የማን የሥራ ልብስ ይታጠብ እንደነበር እንጠይቀው። ለዚህ ጥያቄ መልሱን የሚሰጠን ታካሚው ራሱ ነው።