ከመሶብ እስከ ፊኛ፦ የሠርግ ገበታ መሐል ምን ሲቀመጥበት ኖረ?

ፊኛ የሚለው የአማርኛ ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው በሰውና በእንስሳ ሆድ ውስጥ ያለው የሽንት ከረጢት ነው። ሁለተኛው ልጆች ነፍተው የሚጫወቱበት፣ ዛሬ ደግሞ በጁባ የሠርግ ድግሶች በየጠረጴዛው መሐል በዘንግ ላይ ቆሞ የምናየው የጎማ ጌጥ ነው። ይህ የስም መጋራት ድንገት የመጣ አይደለም። ጎማ ከመታወቁ በፊት በብዙ አገር የልጆች ፊኛ ከታረደ በግ ወይም ከታረደ በሬ የወጣው እውነተኛው ፊኛ ነበር። በአገራችንም ገጠር በዓል በዋለ ቁጥር አባት ሥጋውን ሲመድብ ልጅ ፊኛውን ለምኖ፣ አሽቶና አለስልሶ፣ በመቃ ነፍቶ ሲያንከባልለው መዋሉን የምናስታውስ አለን። እንግዲህ ከሩቅ አገር የመጣ የሚመስለን ጌጥ በስሙ በኩል ከእርዳችን ጋር የቆየ ዝምድና አለው።

በሠርግ ቤት ግን ይህን ዝምድና የሚያስብ ሰው አይገኝም። ይልቁንም፣ ገበታ የእህል ቦታ ሆኖ ሳለ በነፋስ የተሞላ ጎማ መሐሉ ላይ መቆሙ ምን ይባላል የሚል ጥያቄ ከአባቶች አፍ አይጠፋም። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ለመመለስ ግን ፊኛው ከመምጣቱ በፊት በዚያ መሐል ላይ ምን እንደ ነበረና ለምን እንደ ተነሣ ማየት ያስፈልጋል።

የቀድሞው የሠርግ ገበታ መሐል ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ መሐሉ ራሱ ምግቡ ነበርና። ዳስ ይጣላል፤ ምድሩ በቄጠማ ይጎዘጎዛል፤ በሩ በዘንባባ ይሸለማል፤ እንግዳው በመደቡና በአጎዛው ላይ ተቀምጦ መሶቡን ይከባል። የመሶቡ አክርማ በየቀለሙ የተነከረ በመሆኑ ገበታውን የሚያስጌጠው ዕቃ ገበታው ራሱ ነው ማለት ይቻላል። ክዳኑ ተነሥቶ እንጀራው ሲታይ፣ ብርሌው ጠጁን ይዞ ሲያበራ፣ ሌላ ጌጥ የሚፈልግ ዐይን አልነበረም። ማስዋቡ ለበሩና ለምድሩ ነበር።

ትልቁን አብነት ከቤተ መንግሥት ግብር እናገኛለን። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትመረቅ እቴጌ ጣይቱ ያሰናዱት ግብር በጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ዜና መዋዕል ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል። ኋላም ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥታቸው ባሠሩት አዳራሽ በሺሕ የሚቆጠር ሰው በየማዕረጉ እየተፈራረቀ ይበላ ነበር። በዚያ ሁሉ ድግስ የደጋሹ ክብር የሚለካው በጠጁ፣ በብርንዶውና በወጡ ዓይነት ነው። የሠርግ ዳስ ደግሞ፣ አቅም ይነሰው እንጂ፣ የዚያው ግብር ታናሽ ወንድም ነበር።

ይህ ሥርዐት በአንድ ጀምበር አልተለወጠም። እቴጌ ጣይቱ ራሳቸው ያቋቋሙት ሆቴል በ20ኛው ምእት ዓመት መባቻ ለአዲስ አበባ እንግዶች ወንበርና ጠረጴዛ፣ ሹካና ቢላዋ አቀረበ። ከተማው ሲሰፋ ዳሱ በእድር ድንኳን፣ መደቡ በአግዳሚ ወንበር፣ ኋላም ድንኳኑ በሆቴል አዳራሽ ተተካ። ሆኖም በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የገበታውን መሐል የቀየረው ወንበሩም አዳራሹም አይደለም፤ ቡፌው ነው። ቡፌ ምግቡን ከሰዎች መሐል አንሥቶ ከግድግዳ ጥግ ደረደረው። እንግዳው ሰሐኑን ይዞ ተሰልፎ፣ የራሱን አንሥቶ፣ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ክቡ ጠረጴዛ የመሶብን ቅርጽ ይዞ ቀረ፤ መሐሉ ግን ወና ሆነ። በዚህ ወና ላይ በመጀመሪያ የለስላሳና የውሃ ጠርሙስ ተደረደረ፤ ቀጥሎ የአበባ ማስቀመጫ መጣ፤ ከዚያ ፊኛ።

ፊኛው የመጣበትን መንገድም ባጭሩ እንየው። የመጀመሪያው የጎማ ፊኛ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1824 ለንደን ውስጥ ነው። ሠሪውም የዘመኑ ታላቅ የሳይንስ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ሲሆን፣ የፈለገው ሠርግ ማድመቂያ ሳይሆን ሃይድሮጅን ጋዝ የሚይዝለት ከረጢት ነበር። ሁለት የጎማ ቁራጮችን አነባብሮ፣ ጠርዛቸውን አጣብቆ፣ ውስጣቸው እንዳይያያዝ ዱቄት ነሰነሰበት። በዓመቱ ቶማስ ሃንኮክ የተባለ ባለ ኢንዱስትሪ ሰው ቤቱ ሆኖ ፊኛ የሚሠራበትን ፈሳሽ ጎማ ከመርፌ ጋር መሸጥ ጀመረ። የዚያን ጊዜው ጎማ ግን ሙቀት ሲያገኘው የሚጣበቅ፣ ብርድ ሲያገኘው የሚሰነጠቅ ነበር፤ ጁባ ቢመጣ ኖሮ ቀትርን አያልፍም። ጎማን ከድኝ ጋር አብስሎ የማጽናት ዘዴ ከተገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1847 ጄ. ጂ. ኢንግራም የተባለ የለንደን ሰው የጸና የመጫወቻ ፊኛ አወጣ። ዛሬ የምናውቀው ስስ ፊኛ የተወለደው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1931 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ነው። ኒል ቲሎትሰን የተባለ የጎማ ፋብሪካ ሠራተኛ ካርቶን በድመት ራስ ቅርጽ ቆርጦ፣ ከዛፍ በሚታለበው ፈሳሽ ጎማ ውስጥ ነክሮ አደረቀው። ሲነፋው ጆሮ ያለው ፊኛ ሆነ። የሚያብረቀርቀው፣ በፊደልና በልብ ቅርጽ የሚሠራው ፊኛ ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የመጣ ነው።

ወደ ጁባ እንመለስ። ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ የሱዳን አጠቃላይ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደዚህች የነጭ አባይ ዳር ከተማ መጥተው በሆቴል፣ በምግብ ቤትና በንግድ ሥራ ተሰማሩ። ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻ አገር ስትሆን የመጪው ቁጥር ጨመረ። ሰው ባለበት ሠርግ አለ። ሠርጉ ሲመጣ ግን ከአገር ቤት የተለማመድነው ማስዋቢያ ሁሉ አብሮ አልመጣም።

ችግሩ የሚጀምረው ከዘመን አቆጣጠራችን ነው። እንደሚታወቀው የእኛ የሠርግ ወራት ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መያዣ ያለው ጊዜ ነው። ከፋሲካ በኋላም ይሠረጋል፤ ግንቦትን ግን ብዙ ቤተሰብ ይሸሻል። አዲስ አበባ ላይ ጥርና የካቲት ፀሐዩ የሚያስደስትበት፣ ምሽቱ ጋቢ የሚያስፈልግበት ወቅት ነው። ጁባ ላይ ያው ወራት የበጋው ጫፍ ነው፤ የቀኑ ሙቀት 38 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያልፋልም። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥሎ በአፍሪካ ሁለተኛዋ የአበባ ላኪ አገር ብትሆንም፣ በዚህ ሙቀት የጽጌረዳ አበባ የሙሽሮቹን መግባት ሳይጠብቅ አንገቱን ይደፋል። ቄጠማውም ከማለዳ እስከ ቀትር ገለባ ይሆናል።

ፊኛ ደግሞ አይጠወልግም፤ ሸክሙም ቀላል ነው። መካከለኛ መጠን ያላቸው 100 ፊኛዎች ከ300 ግራም እምብዛም አይበልጡም። ወንበሩ፣ ጠረጴዛውና ድንኳኑ በኒሙሌ በኩል በጭነት መኪና ሊመጣ ይችላል፤ ከጁባ እስከ ኒሙሌ ያለው 192 ኪሎ ሜትር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ያ ቀሏል። የአንድ ሙሉ ሠርግ ፊኛ ግን ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ፣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን፣ ቦታ አይጠበውም። ወደ ላይ የሚያንሳፍፈው የሂሊየም ሲሊንደር በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀድም። ስለዚህ እንዲህ ተጉዞ የመጣው ፊኛ በአየር ብቻ ተነፍቶ በዘንግ ላይ ይቆማል። ይህም ጉድለት ብቻ አይደለም። በሂሊየም የተነፋ የተለመደ የጎማ ፊኛ በአንድ ቀን ውስጥ ሲወርድ፣ በአየር የተነፋው ለቀናት ይቆያል።

አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ልምድ ይፈልጋል። በመጀመሪያ ባዶ ቆርቆሮ በአሸዋ ይሞላና በጨርቅ ወይም በሚያብረቀርቅ ወረቀት ይጠቀለላል፤ መሠረቱ እርሱ ነው። ዘንጉ በአሸዋው ውስጥ ይተከላል። ከዚያ ፊኛዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ በአንገታቸው ይቋጠራሉ፤ ሁለቱ ጥንድ ተጠማዞ አራት ይሆናል፤ አራቱ በዘንጉ ራስ ላይ እንደ አበባ ይከፈታሉ። መጠናቸው እኩል እንዲሆን ካርቶን ላይ ክብ ቀዳዳ ይቆረጥና እያንዳንዱ ፊኛ በዚያ ይለካል። ዋናው ብልሃት ግን አለመሙላት ነው። ማለዳ በ22 ዲግሪ ጥግብ ብሎ የተነፋ ፊኛ ቀትር 38 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ ያለው አየር በመቶ አምስት ያህል ያብጣል፤ ቀድሞ የተወጠረ ጎማ ይህን አይችልም። ፀሐይ ያየው ጎማ ደግሞ ድምቀቱን አጥቶ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል፤ ጥቁርና ጥልቅ ቀለም ያለው ሙቀቱን ይበልጥ ስለሚጠጣ ቀድሞ ይፈነዳል። ነጭና ክሬም መምረጥ ከሙሽራዋ ቬሎ ጋር እንዲስማማ ብቻ ተብሎ የሚደረግ አይደለም።

ስለ መፈንዳት ካነሣን ዘንድ፣ በዚህች ከተማ ጉዳዩ ከጌጥ ያልፋል። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ማታ የተነሣውን ተኩስ፣ ከዚያም ከሐምሌ 1 ቀን 2008 ዓ.ም. ጀምሮ ለቀናት የዘለቀውን ውጊያ ጁባ የነበረ ሰው አይረሳውም። ሱቁን ጥሎ የሄደ፣ ከአልጋ ሥር ያደረ፣ ወዳጁን ያጣ በመካከላችን አለ። ይህ ጸሐፊ ከዚያ በኋላ በተደረገ አንድ ሠርግ ላይ ተገኝቶ ነበር። ሙሽሮቹ ገብተው፣ ዘፈኑ ደምቆ ሳለ፣ ከአንድ መብራት አጠገብ የነበሩ ሦስት ፊኛዎች በተከታታይ ፈነዱ። እልልታው ተቋረጠ። አንድ ጎልማሳ ከወንበሩ ወርዶ ልጁን በደረቱ ሸፍኖ ነበር። ማንም አልሳቀም። የኦርጉ ተጫዋች ምን እንደ ሆነ ሲገባው ዜማውን ከፍ አድርጎ ቀጠለ፤ እናቶችም እልልታውን ካቆመበት አነሡት። ሰውየው አቧራውን አራግፎ ሲቀመጥ በዚያው ጠረጴዛ ያለ አንድ ደቡብ ሱዳናዊ እንግዳ ውሃ ቀድቶ ሰጠው፤ በአማርኛም አጽናናው።

ይህ አማርኛ ማንንም ሊያስደንቅ አይገባም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በኢታንግ፣ በፒኝዶና በዲማ መጠለያዎች ያደጉ፣ ኋላም በአዲስ አበባ የተማሩ ደቡብ ሱዳናውያን በጁባ ሠርጎቻችን ላይ ከሚዜ ጠረጴዛ ጀምሮ ይገኛሉ። የአንዳንዱ አማርኛ ከልጆቻችን አማርኛ ይጠራል። በእነርሱ ዘንድ የሠርግ ክብር በከብት የሚቆጠር ነውና፣ የእኛን የሽምግልናና የጥሎሽ ወግ ለማስረዳት ብዙ አያደክሙም።

ስለዚህም ጭምር የጌጡ ቁመት ጉዳይ ትንሽ ነገር አይደለም። መሶብ ከወገብ አይበልጥም፤ ዙሪያውን የተቀመጠ ሰው እጁን ሲዘረጋ እጅ ያገኛል፣ ቀና ሲል ፊት ያያል። ዛሬ በየሠርጉ የሚታየው ትልቁ ስሕተት ፊኛው ልክ በሰው ፊት ትይዩ መቆሙ ነው። ማዶ ያለው እንግዳ ድምፁ ይሰማል፣ ፊቱ አይታይም። ሞያውን የሚያውቁ ሰዎች ጌጡን ወይ ከአገጭ በታች ዝቅ፣ ወይ ከተቀመጠ ሰው ራስ በላይ ከፍ ያደርጉታል፤ በመሐል ቀጭን ዘንግ ብቻ ይቀራል። ለአባቶች ጥያቄ ይህ ጸሐፊ ያለው መልስ ከዚህ አይርቅም። ፊኛው የመሶብን ቦታ ወሰደ ከተባለ የመሶብን ጠባይም ይጠየቅ። ፊት ከሸፈነ ይነሣ፤ ካልሸፈነ ግን እህሉን ከመሐላችን ያነሣነው እኛ እንጂ እርሱ አይደለም። በመልሱ ቀን በጠባብ ግቢ ሁለት መሶብ ቀርቦ ስናይ ፊኛ ሊያቆም የሚያስብ ሰው የለም፤ ቦታም የለውም።

ምሽቱ ሲያልቅ የጁባ አስዋቢዎች ፊኛውን በመርፌ አይወጉትም። አንገቱን ፈትተው አየሩን ቀስ ብለው ያስለቅቁታል፤ የጎማው ብጣሽ ፍየል እንዳይበላው በፌስታል ይሰበሰባል፤ አሸዋው ወደ ግቢው ይመለሳል። ደኅና የቀረውን ግን በር ላይ ሲጠባበቁ ላመሹት የሰፈር ልጆች ይሰጧቸዋል፤ እነርሱም ዘንጉን እንደ ባንዲራ ይዘው በጨለማው መንገድ ይሮጣሉ።