የአስታማሚው ጭንቀት

በ1911 ዓመተ ምሕረት የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው በጽኑ ታመው ነበር፤ ከከተማውም ሕዝብ ብዙ ሺህ አለቀ። ሐኪሞች ጥቂቶች ስለ ነበሩ አብዛኛውን ሕመምተኛ ያስታመመው ዘመዱና ጎረቤቱ ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ከተማው ሲታጠን ያ መቅሠፍት ይታወሳል፤ የአስታማሚው ልብ የተሸከመውን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ 19 ሕመምተኛ ተገኘ። ጭንቀቱም በታላላቅ ከተሞች ብቻ አልቀረም። በታች ጋይንት እንደ አርብ ገበያ ባለ ከተማ በጤና ሥራ ለሚያገለግል ሰው ፍርሃቱ ሁለት ነበረ፤ አንደኛው በሽታው እንዳይዘው፥ ሁለተኛው ወደ እናቱና ወደ ልጆቹ ይዞት እንዳይገባ። ሐዘንን የሚያቀልለው ለቅሶ መድረስ፥ ተቃቅፎ መላቀስ፥ ተሰብስቦ ቡና መጠጣት ነበር፤ የበሽታው ጥንቃቄ ግን እነዚህኑ ከለከለ። ስለዚህ ሌላውን የሚያጽናናው ሰው ለራሱ አጽናኝ አጣ።

ልክ በዓመቱ፥ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ክትባት ሲጀመር ቅድሚያው ለጤና ሠራተኞች ተሰጠ፤ ፍርሃቱም በመጠኑ ቀለለ። ነገር ግን በዚያው ዓመት በነሐሴ ጦርነቱ ጋይንት ደረሰ፤ ንፋስ መውጫም ተያዘች። ገና ባላረፈው ልብ ላይ ሌላ ሸክም ተጨመረ።

እንቅልፍ ማጣት፥ ቶሎ መቈጣት፥ ዝም ማለት በእንዲህ ያለው ሰው ላይ ሲታይ ስንፍና ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም፤ የድካሙ ቁስል ነውና። በሽተኛን መጠየቅ የአገሩ የቆየ ልማድ ነው፤ አስታማሚውንም መጠየቅ ከዚሁ ልማድ ሊቈጠር ይገባል።