የደም ካንሰርና የማኅበረሰብ ድጋፍ፦ ከቁስቋም እስከ ጥቁር አንበሳ

ለደም ካንሰር ሕሙማን የሚደረግ የማኅበረሰብ ድጋፍ ስለ ሕመሙ ማሳወቅን፣ ደም መለገስንና ለሕክምና፣ ለማረፊያ፣ ለመጓጓዣ የሚውል ገንዘብ ማሰባሰብን ያጠቃልላል። በኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ መሠረት ከጣሉት መካከል ልጃቸውን በሕመሙ ያጡ ወላጆች ይገኛሉ።

ሕመሙ

ዋና ዋናዎቹ የደም ካንሰር ዓይነቶች ሉኬሚያ፣ ሊምፎማና ማይሎማ ናቸው። በሉኬሚያ የታመሙት ሴሎች መቅኔውን ሲሞሉት ጤነኛው ደም ቦታ ያጣል። ቀይ የደም ሴል ሲያንስ ሰው ይገረጣል፣ ይደክመዋል፤ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ሲያንስ ድድና አፍንጫ ይደማል፣ ገላ በትንሽ ግጭት ይበልዛል። ሲኤምኤል በሚባለው ሥር የሰደደ ዓይነት ደግሞ ጣፊያ ያብጣል። ድካሙና አብሮት የሚመጣው ትኩሳት ከወባና ከታይፎይድ ጋር ስለሚመሳሰል ሕመሙ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይታወቃል። ጥርጣሬውን የሚቀሰቅሰው የደም ቆጠራ ምርመራ ግን ቀላል ነው። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ተቋማት

ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ በ2004 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው በአራት ዓመቱ በሉኬሚያ ባረፈው ሕፃን ማቲዎስ ስም ነው። መሥራቹ አባቱ አቶ ወንዱ በቀለ ናቸው። ሶሳይቲው ስለ ካንሰር ያስተምራል፤ ከክፍለ ሀገር መጥተው አዲስ አበባ ዘመድ የሌላቸውን ታካሚዎች ያስጠጋል። ተስፋ አዲስ የተባለው የወላጆች ድርጅትም ካንሰር ያለባቸውን ልጆችና አስታማሚዎቻቸውን ያሳርፋል።

ግሊቬክ የተባለው የሲኤምኤል መድኃኒት በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ከጸደቀ በኋላ በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በኩል ለኢትዮጵያውያን ሕሙማን በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። በዚህ ሥራ የተሳተፈው ማክስ ፋውንዴሽንም በዚሁ ሕመም የሞተ ወጣት መታሰቢያ ነው።

ቁስቋምና እንጦጦ

ቁስቋም በአዲስ አበባ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ጋራ ግርጌ የሚገኝና በቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስም የሚጠራ ሰፈር ነው። ከሰፈሩ በላይ ወዳለው የእንጦጦ ጸበል ከየአገሩ ሕሙማን ይመጣሉ። በ2007 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ አስተምረው ነበር። ይህ ትምህርት ጸበል ለሚሄዱ የደም ካንሰር ሕሙማንም ይበጃል፤ የግሊቬክ ክኒን በየቀኑ ሳይቋረጥ ካልተዋጠ ሕመሙ ያገረሻልና።

ደምና ገንዘብ

በኬሞቴራፒ ላይ ያለ ሰው ደሙ ስለሚወርድ ደጋግሞ ደም ይወስዳል። ፕሌትሌት በመደበኛ አያያዝ አምስት ቀን ያህል ብቻ ስለሚቆይ፣ ዛሬ የተለገሰው የሚደርሰው የዚህን ሳምንት ሕመምተኛ ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ጊዜ ከሚደረግ ትልቅ ዘመቻ ይልቅ ተራ ገብቶ ዓመቱን ሙሉ መለገስ ይሻላል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነና ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል።

የመቅኔ ንቅለ ተከላ የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን ለረጅም ዓመታት ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ሆኖባቸው ቆይቷል። ለዚህ ወጪ ዘመድ፣ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ኮሚቴ ያቋቁማል፤ የሐኪም ማስረጃ ይዞ የባንክ ሒሳብ ይከፍታል፤ በቤተ እምነት ደጅና በመንገድ ዳር ፎቶ ይዞ ይለምናል። ነፃ መድኃኒት የሚያገኘውም ቢሆን የአውቶቡስ ሒሳብ፣ የቤት ኪራይና የምርመራ ወጪ አለበት። ለዚህ የምትሆን ትንሽ መዋጮ በየወሩ ከተሰጠች ሕክምና እንዳይቋረጥ ታደርጋለች።

በአዲስ አበባ ለዚህ የሚሆን ድርጅት በየመንደሩ አለ፤ እድር። በኤች አይ ቪ ዘመን በርካታ እድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንን መርዳት ጀምረው ነበር። ያው ልምድ ለደም ካንሰርም ሲውል፣ ለለቅሶ ድንኳን የሚተክለው ጎረቤት ሕመምተኛው በሕይወት ሳለ ደሙንና መዋጮውን ይዞ ይደርሳል።

የመታሰቢያ ቀናት

የዓለም የካንሰር ቀን ጥር 27፣ የሕፃናት ካንሰር ቀን የካቲት 8፣ የሲኤምኤል ቀን መስከረም 12 ይታሰባሉ። የመጨረሻው በፈረንጆቹ 9ኛው ወር፣ 22ኛው ቀን ላይ የዋለው ሕመሙ በ9ኛውና በ22ኛው ክሮሞሶም መካከል በሚፈጠር የቁራጭ ልውውጥ ስለሚነሣ ነው።